ግድብ የሚሰበረው በክረምት፣ የሚታመመው በበጋ

ለጎልማሶች የንባብ ትምህርት በራዲዮ የቀረበ ንግግር

ጣታችሁን በመስመሩ ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ቢኖር ምልክት አድርጉበትና እለፉ። በመጨረሻው ላይ የከበዱትን ቃላት እንፈታቸዋለን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አፈር ግድብ ነው። የአፈር ግድብ ስንል ትልቁን ብቻ ማለታችን አይደለም። የመስኖ ኩሬ ዙሪያውን የሚይዘው የአፈር ክምርም ግድብ ነው። ወንዝ ወደ ማሳ እንዳይገባ የምንከምረው አፈርም እንዲሁ ነው። መንገድ የሚያልፍበት ከፍ ያለ የአፈር ድልድልም ከዚሁ ወገን ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት በሽታ ይይዛቸዋል። በሽታው ምንድን ነው? መርጠብና መድረቅ፣ እንደገና መርጠብና እንደገና መድረቅ ነው።

የአንዲት ኩሬ ታሪክ

በመጀመሪያ በልጅነቴ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በእኛ መንደር ከብቱም ሰውም የሚጠጣው ከአንድ ምንጭ ነበር። ምንጩ በበጋ ይደርቃል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ተሰበሰበና ከሸለቆው አፍ ላይ አፈር ከምሮ ኩሬ ሠራ። ወንዱ በዶማ ይቆፍራል፤ ሴቱ በቅርጫትና በባሬላ ያመላልሳል። አፈሩ የተወሰደው ከዚያው ከአጠገቡ ነው። ጥቁር አፈር ነበር፤ አንዳንዱ መረሬ፣ አንዳንዱ ዋልካ የሚለው። ሥራው የተሠራው በየካቲትና በመጋቢት ስለ ነበር አፈሩ ደረቅ ነው። ጓሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ሰውም «ይህ አፈር ድንጋይ ነው፤ አይበገርም» አለ።

በመንደሩ ሸክላ የሚሠሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሥራውን ሊያዩ መጡና አንዱን ጓል አንሥተው አገላበጡት።

«እናንተ ልጆች፣ ይህን አፈር አውቀዋለሁ። ገል ፈጭቼ ካልቀላቀልኩበት ድስቱ ገና በጥላ ሳለ ይሰነጠቅብኛል። እናንተ ጥሬውን ትከምሩታላችሁ እንዴ?» አሉ።

ከወጣቶቹ አንዱ «እማማ፣ ይህ እኮ ድስት አይደለም፤ ግድብ ነው» አላቸው። ሰውም ሳቀ። እርሳቸውም ዝም ብለው ሄዱ።

የመጀመሪያው ክረምት መጣ፤ ኩሬው ሞላ፤ ግድቡም ቆመ። ሁለተኛውም ክረምት መጣ፤ ግድቡ አሁንም ቆመ። በየበጋው ግን አናቱ ላይ ስንጥቅ ይታይ ነበር። እኛ ልጆች በስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ዘንግ እየሰደድን ጥልቀቱን እንለካ ነበር። ትልልቆቹ «ዝናብ ሲመጣ ይገጥማል» ይሉናል። እውነትም ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ይጠፋል።

በሦስተኛው ዓመት በሐምሌ አንድ ቀን፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከግድቡ ግርጌ ውሃ ሲወጣ አየ። ያ ውሃ ቀደም ሲልም ጥቂት ጥቂት ይወጣ ነበር፤ ግን ጠርቶ ነበር የሚወጣው። ያን ቀን ቡናማ ሆነ። ልጁ ሮጦ ለአባቱ ነገረ። አባትየው ከግድቡ በታች ያሉትን ሦስት ቤቶች አስለቀቀ። ሌሊት ግድቡ ተሰበረ። አንድ የጤፍ ማሳ፣ የጥጆች ጋጣና አንድ ቤት ሄዱ። ሰው ግን አልሞተም። ልጁ ባያይ ኖሮስ? እግዜር ይወቀው።

ጠዋት ሁሉም ሰው «ዝናቡ በዛብን» አለ። ዝናቡስ በዝቶ ነበር። ነገር ግን ከዚያ የበለጠ ዝናብ አምና ዘንቦ ግድቡ ቆሞ አልነበረም ወይ? ግድቡን ያደከመው ዝናቡ ብቻ አልነበረም። ሦስት በጋና ሦስት ክረምት ተፈራርቀው ነው ያደከሙት። እማማ እውነታቸውን ነበር።

አፈር ለምን ይሰነጠቃል?

እዚህ ላይ ስለ አፈሩ ጠባይ እንነጋገር።

አፈር ከደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። አሸዋን በጣታችሁ ስታሹት ቅንጣቱ ይሰማችኋል። የጥቁር አፈር ቅንጣት ግን አይሰማም። አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ቢከፈል ከሁለቱ ክፍል ያነሰች ናት። ቅርጿም እንደ ስስ ቅጠል ነው። ቅጠሎቹ ተደራርበው ይቀመጣሉ።

እነዚህ ቅጠሎች በጣም ብዙ ናቸው። ከጥቁር አፈር ውስጥ እጅግ የሚያብጠውን ዓይነት ሸክላ አንድ ግራም ብትወስዱ፣ ማለት ቁንጥር ያህል፣ የቅጠሎቹ ገጽ ሁሉ ቢዘረጋ እስከ 700 ካሬ ሜትር ይደርሳል። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ነው ብንል፣ ከጥማዱ ሩብ በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ገጽ ላይ ውሃ ይጣበቃል። ውሃ በቅጠሎቹ መካከል ሲገባ ቅጠሎቹ ይራራቃሉ፤ አፈሩም ያብጣል። ውሃው ሲወጣ ቅጠሎቹ ይቀራረባሉ፤ አፈሩም ይኮማተራል።

እንግዲህ ግድቡ ሲደርቅ መኮማተር ይፈልጋል። ግን ረጅም ነው፤ ከታችም ከመሬቱ ጋር ተያይዟል። እንደ ልቡ ሊሰበሰብ አይችልም። ስለዚህ ይቀደዳል። ስንጥቅ ማለት ይህ ነው።

በአገራችን ጥቁር አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ይሸፍናል። ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ በደጋውና በወይና ደጋው ይገኛል። የበቾን ሜዳ፣ ጊንጪን፣ እነዋሪን፣ አቃቂን፣ ፎገራን የሚያውቅ ሰው ይህን አፈር ያውቀዋል። በበጋ ማሳው ሲሰነጠቅ የበሬ እግር ይይዛል። ስንጥቁ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ ይህ ሁሉ በሜዳ ላይ ከሆነ፣ ከሁሉም ወገን ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው ግድብ ላይማ እንዴት አይሆን?

ስንጥቁ ይገጥማል ወይ?

«ዝናብ ሲመጣ ይገጥማል» የሚለውን ነገር እንመርምር።

ሸክላ ድስት ቢሰበርባችሁ ሁለቱን ስባሪ አጋጥማችሁ ብትይዙት ስንጥቁ አይታይም። ድስቱ ግን ድኗል ወይ? አልዳነም። ውሃ ብትጨምሩበት በዚያው በኩል ይፈሳል። የግድብም ስንጥቅ እንዲሁ ነው። አፈሩ በክረምት ሲያብጥ ጠርዝና ጠርዙ ይነካካል፤ ግን አንድ አካል አይሆንም። በበጋ በስንጥቁ ውስጥ አቧራ፣ ጠጠርና የደረቀ ሣር ገብቶበታል። ይህ ሁሉ በመካከል ተቀርቅሮ ይቀራል።

በሚቀጥለው በጋ ስንጥቁ የሚከፈተው ከየት ነው? ከዚያው ከድሮው ቦታ ነው። በዚያ ላይ ይጠልቃል፤ ቅርንጫፍም ያወጣል። በየዓመቱ እንዲህ ሲሆን የግድቡ ላይኛው ሽፋን፣ አንድ ሜትር ወይም ሁለት ሜትር ያህሉ፣ ተበጣጥሶ የጓል ክምር ይሆናል። ከላይ ሲታይ ሣር የለበሰ ደህና ግድብ ነው። ውስጡ ግን እንደ ነቀዘ እህል ሆኗል።

ሽቦ በእጃችሁ ሰብራችሁ ታውቃላችሁ? በአንድ ጊዜ ብትስቡት አይበጠስም። ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት ግን ይሰበራል። አፈርንም የሚያደክመው እንዲህ ያለው መመላለስ ነው።

አፈር የሚመረምሩ ባለሙያዎች ይህን በቤተ ሙከራ አይተውታል። የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር እያረጠቡና እያደረቁ ጥንካሬውን ይለካሉ። ብዙው ጥንካሬ የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ነው። ከዚያ በኋላ መቀነሱ ቀስ ይላል። ይህ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ግድቡ የሚፈተነው በተሠራበት ዓመት ብቻ አይደለም። ሁለት ሦስት ክረምት ከቆመ በኋላ፣ ሰው ሁሉ አምኖት በተኛበት ጊዜ፣ ያን ጊዜ ነው ደካማ የሚሆነው። ስለዚህ «አምና ያልፈረሰ ዘንድሮ አይፈርስም» ማለት አያዋጣም።

ደረቅ ጓል ያታልላል

አሁን ሌላ ጥያቄ አለ። ደረቁ ጓል እንደ ድንጋይ ይጠነክራል ብለናል። ታዲያ ጥንካሬው የት ሄደ?

ልጆች በወንዝ ዳር በእርጥብ አሸዋ ቤት ሲሠሩ አይታችኋል። አሸዋው ለምን ይቆማል? በቅንጣቶቹ መካከል ያለች ጥቂት ውሃ አንዱን ከአንዱ ጋር ትስባለች። ጨርሶ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ግን ይናዳል፤ መሳቢያው ጠፍቷልና። በጥቁር አፈር ውስጥ ይህ መሳብ እጅግ ብርቱ ነው። አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ መሳቡም ይበረታል። ለዚህ ነው ጓሉ ዶማ የሚመልሰው። ውሃ ሲጠግብ ግን ያ ጥንካሬ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የደረቀ ጓል ጥንካሬ የተበደረው ጥንካሬ ነው። ክረምት ሲመጣ ብድሩን ይመልሳል።

ይህን በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ጥቁር አፈር በጥቂት ውሃ ለውሱና እንቁላል የሚያህሉ ሁለት ኳሶች ሥሩ። አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በጥላ አስቀምጡት። ሌላውን ለጥቂት ቀናት በፀሐይ አድርቁት። ከዚያ ሁለቱንም ውሃ ባለበት ሳሕን ውስጥ ክተቱ። እርጥቡ ኳስ ብዙ ጊዜ ሳይናድ ይቆያል። ደረቁ ግን አየር እየተፋ ወዲያው መበተን ይጀምራል። ጠንካራ የመሰላችሁ ቀድሞ ፈረሰ ማለት ነው።

ግድቡ እንዴት ይሰበራል?

አንደኛው መንገድ መንሸራተት ነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በስንጥቆቹ ወደ ውስጥ ይገባል። ከታች ያልተሰነጠቀው አፈር ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ ውሃው በመካከል ይጠራቀማል። የላዩን አፈር ያከብደዋል፤ ወደ ውጭም ይገፋዋል። ከዚያ የግድቡ ጎን እንደ ተገፈፈ ቆዳ ይንሸራተታል።

ሁለተኛው መንገድ ይባስ አደገኛ ነው። ስንጥቁ ግድቡን አቋርጦ ከውሃው ወገን ወደ ውጭው ወገን ካለፈ፣ ኩሬው ሲሞላ ውሃው በአናቱ ላይ ሳይፈስ በስንጥቁ ውስጥ ያልፋል። ሲያልፍ አፈር ይሸረሽራል። ክሩ ገመድ፣ ገመዱ ቦይ ይሆናል። ውሃው የሚደፈርሰው ያን ጊዜ ነው። ያ ከብት ጠባቂ ልጅ ያየው ይህን ነበር።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። ጥር 23 ቀን 1945 ዓ.ም. ሌሊት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም.፣ ከባድ ማዕበል የሰሜን ባሕርን ውሃ በሆላንድና በእንግሊዝ ላይ አመጣው። በሆላንድ 1836 ሰዎች፣ በእንግሊዝ ምድር 307 ሰዎች ሞቱ። በእንግሊዝ አገር በኤሴክስና በኬንት ባሕሩን የሚከለክሉ ብዙ የሸክላ አፈር ግድቦች ተሰብረው ነበር። ኩሊንግና ማርስላንድ የተባሉ ሁለት የአፈር መሐንዲሶች ምክንያቱን መረመሩ። ግድቦቹ ላይኛው ክፍላቸው በድርቀት ተሰነጣጥቆ ነበር። ባሕሩ ከፍ ሲል ውሃው በእነዚህ ስንጥቆች ገብቶ የግድቡን የውስጥ ጎን አናደው። እንግሊዝ ዝናባም አገር ናት። በዚያ አገር ድርቀት ግድብን ከሰነጠቀ፣ ስድስት ወር ፀሐይ በሚያቃጥለው አገር እንዴት ይሆን?

ደግሞ በሆላንድ አገር ዊልኒስ በምትባል መንደር ነሐሴ 20 ቀን 1995 ዓ.ም. አንድ ግድብ ተሰበረ። ያን ጊዜ ጎርፍ አልነበረም፤ ዝናብም አልነበረም። ድርቅ ነበር። ግድቡ የተሠራው ከበሰበሰ ዕፅዋት ከሆነ አፈር ነው። አፈሩ ደርቆ ክብደቱ ቀነሰ። የቦዩ ውሃ ያን የቀለለ ግድብ ገፍቶ ከቦታው አንሸራተተው። ከሺህ በላይ ሰው ቤቱን ለቀቀ። በጋም ግድብ ይሰብራል ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

አያቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይና በአማራ ብዙ አነስተኛ የአፈር ግድቦች ተሠርተዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየገበሬው ጓሮ ብዙ ኩሬ ተቆፍሯል። ስለዚህ ምክሩ ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

አንደኛ፣ አፈር ምረጡ። ጥቁር አፈር ውሃ ስለማያሳልፍ ለግድቡ መካከል ይጠቅማል። ውጩን ግን ፀሐይ እንዳያገኘው በማያብጥ አፈር፣ ለምሳሌ ጠጠር ባለበት ቀይ አፈር፣ አልብሱት። በውሃው ወገን ድንጋይ ደርድሩበት። ጥቁር አፈር በሆድ፣ ሌላው በቆዳ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ደረቅ ጓል አትከምሩ። ጓሉን ፈርፍሩ፤ አርጥቡትም። እርጥበቱ ልክ መሆኑን በእጃችሁ እወቁ። ስትጨብጡት ኳስ ከሆነና መዳፋችሁን ካላረጠበ ልክ ነው። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየደለደላችሁ በደንብ ጠቅጥቁ። ከዚያ ሌላ ድርብ ጨምሩ።

ሦስተኛ፣ ጎኑን አታቁሙት። ግድቡ አንድ ሜትር ከፍ ሲል ጎኑ ቢያንስ ሁለት ሜትር፣ በጥቁር አፈር ሲሆን ደግሞ ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ውጭ ይዘርጋ። ግድቡ ትልቅ ከሆነ ግን ልኩን መሐንዲስ ይወስን።

አራተኛ፣ ሣር አልብሱት። ሰርዶ ወይም ደሾ ይተከልበት። ሣር አፈሩን ያጠላል፤ ይይዛልም። ባሕር ዛፍና ሌላ ትልቅ ዛፍ ግን በግድብ ላይ አትትከሉ። ዛፍ ውሃውን ከአፈሩ ይመጥና ስንጥቁን ያብሳል። ሲሞትም ሥሩ በስብሶ የውሃ መንገድ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ከብት በግድቡ ላይ አይሂድ። ሣሩን ነቅሎ አፈሩን ያራቁተዋል። የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድ ካለም ተቆፍሮ ይደፈን።

ስድስተኛ፣ በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ፣ ግድቡን እየዞራችሁ እዩ። በግድቡ ርዝመት የሄደ ስንጥቅ ጎኑ ሊንሸራተት እንደሆነ ይናገራል። ግድቡን አቋርጦ የሄደ ስንጥቅ የውሃ በር ነው። ሁለቱንም አትናቁ።

ሰባተኛ፣ ስንጥቅን አፈር በመበተን አትሸፍኑት። ያ ቁስልን ሳያጥቡ ማሰር ነው። ስንጥቁን ተከትላችሁ እስከ መጨረሻው ቆፍሩ፤ ወርዱንም አስፉ። ጉድጓዱን አርጥቡና በእርጥብ አፈር በድርብ በድርብ እየጠቀጠቃችሁ ድፈኑት። ከላዩ ሣር አልብሱት። በትልቅ ግድብ ላይ ግን ስንጥቅ ካያችሁ ከመቆፈራችሁ በፊት ባለሙያ ጥሩ። ኩሬው ሞልቶ ሳለ በፍጹም አትቆፍሩ።

ስምንተኛ፣ ትርፍ ውሃ ማስወጫውን ጥረጉ። ውሃውን ለመስኖ ስታወጡም በአንድ ጊዜ አታጉድሉ። ውሃው በድንገት ሲወርድ እርጥቡ ጎን ደጋፊ አጥቶ ይናዳል።

ዘጠነኛ፣ ከግርጌው የሚወጣውን ውሃ በየቀኑ ተመልከቱ። ጠርቶ በአንድ መጠን የሚወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ አያስፈራም። ከደፈረሰ ወይም ድንገት ከበዛ ግን አትጠብቁ። በመጀመሪያ ከግድቡ በታች ያለውን ሰው አስለቅቁ። ከዚያ የግብርና ባለሙያውን ጥሩ። ንብረት ይተካል፤ ሰው አይተካም።

ወገኖቼ፣ እነዚያ እማማ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ግን ሃምሳ ዓመት በእጃቸው የያዙትን አፈር ጠባዩን ያውቁ ነበር። እኛ ደግሞ ፊደል ቆጥረን እርሳቸው የሚያውቁትን ባናዳምጥ ትምህርታችን ጎደሎ ይሆናል። ከግድቡ መሰበር በኋላ የመንደራችን ሰው እንደገና ሲሠራ እርሳቸውን ጠርቶ አፈር አስመረጠ። ስንጥቅ የሚያይ ሰውም በየዓመቱ ተመረጠ። የመጀመሪያው ተመራጭ ማን ይመስላችኋል? ያ ከብት ጠባቂ ልጅ ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ያለው ግድብ ወይም ኩሬ ከምን ዓይነት አፈር ነው የተሠራው?
2. ስንጥቅ በክረምት መጥፋቱ መዳኑን ያሳያል ወይ? ለምን?
3. ሁለቱን የአፈር ኳሶች ሞክሩ። ያያችሁትን በሦስት መስመር ጻፉ።
4. ከግድቡ በታች የማን ቤት አለ? ውሃው ቢደፈርስ ማን ለማን ይነግራል? ስማቸውን ጻፉ።

የከበዱ ቃላት

ገል፦ የተሰበረ ሸክላ።
ግርጌ፦ የግድቡ እግር፣ ከመሬት የሚገናኝበት ቦታ።
ባሬላ፦ ሁለት ሰው የሚሸከመው የአፈር ማመላለሻ።
መደልደል፦ አፈርን አስተካክሎ መዘርጋት።
መጠቅጠቅ፦ አፈርን እየመቱ ማጠጋጋት።
ትርፍ ውሃ ማስወጫ፦ ኩሬ ሲሞላ የተረፈው ውሃ የሚሄድበት መንገድ።

አድማጮቻችን፣ ለዛሬ በዚህ እንሰናበታችሁ። አራተኛውን ጥያቄ ሳትመልሱ ግን አትተኙ። ደህና ሁኑ።